እርጥብ እምብርት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ የክርስትና ድግስ ሲጠሩኝ ሰዉ ገና በሩ ላይ ይቀልድብኛል። «ሲስተር ስንዱ መጣች፤ የልጁን እምብርት ሸፍኑ!» ይላሉ። አልቀየማቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው እንግዳ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ሲከራከር የእኔ ዐይን የሚሄደው ወደ ሆዱ ነው። እናቲቱን ገለል አድርጌ «እምብርቱ ደረቀ? ሽንቱስ ወደ ፊት ይፈነጠራል?» እላታለሁ። አንዷ ታፍራለች፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ደግሞ «ምነው፣ ምን አየሽበት?» ብላ ትደነግጣለች፤ ያን ጊዜ ማረጋጋቱም የእኔው ሥራ ይሆናል።

በቀደም አንዲት አዲስ ተመራቂ ነርስ ይህ አባዜ ከየት እንደመጣብኝ ጠየቀችኝ። በሁለት ቃል ልመልስላት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ነገሩ የሚጀምረው እኔ የእሷን ዕድሜ ሳለሁ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ጊዜ እንደሆነ አሁን ሞልቶኛል።

ሥራ የተቀጠርኩት ደርግ ሥልጣን ይዞ ብዙም ሳይቆይ ነው። የመጀመሪያ ምደባዬ ደብረ ታቦር፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነበር። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ብርዱ ግን የሚወራለት ነው፤ ጠዋት በሳህን ያለው ውሃ እጅ ይቆርጣል። ኃላፊያችን ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ሰብስበው ስንት መንደር ስለ ንጽሕና እንደቀሰቀስን ይጠይቁን ነበር። እኛም ወጣቶች ነንና ቅስቀሳው ደም ሥራችን ውስጥ ገብቶ ነበር።

የቅስቀሳችን ዋና ጠላት ቅቤ ነው። የገጠር እናቶች እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ እምብርቱ ላይ ቅቤ ይቀቡ ነበር፤ አንዳንዱም የባሰ ነገር ያደርጋል። በዚህ ሰበብ በመንጋጋ ቆልፍ የሞቱ ሕፃናት አይቻለሁና ጠላትነቱ አግባብ ነበር። ነገር ግን አበዛነው። እርጥብ እምብርት ያለው ልጅ በመጣ ቁጥር ሳንነካው «ቅቤ ቀብታችሁት ነው!» እንላለን፤ እናቲቱን እንቆጣለን፣ ወይን ጠጁን መድኃኒት እንቀባለን፣ እንሸኛለን። ብታስተባብልም የሚሰማት የለም።

ይህን የማያደርጉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የክፍሉ ዋና ነርስ ሲስተር አምሳለ፣ ደሴ ያደጉ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቃቸው ሴት። ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያሞቁታል። እኛ እንስቅ ነበር። ቀጥለው ወደ እናቲቱ ዘወር ብለው «ልግለጠው፣ እመቤቴ?» ይላሉ። የዐይን ነገር የሚያስፈራት አራስ፣ ልጇ በሰው ፊት እንዲገለጥ የማትፈልግ፣ እንዲህ ስትጠየቅ ራሷ ትገልጠዋለች። ሲያዩ ምንም አይሉም፣ ፊታቸውም አይለወጥም። «እናት የምታነበው ፊትሽን ነው፤ አፍሽ እስኪከፈት አትጠብቅም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከወደ ጉና ሥር ካለ መንደር አንዲት እናት ወንድ ልጅ ታቅፋ መጣች። እኛ እንደ ልማዳችን በቅቤ ተነሣንባት። «ኧረ በማርያም! ቅቤ የሚባል አልነካውም» ትላለች፤ ማን ሰምቷት። ሲስተር አምሳለ ከሥራቸው ቀና ብለው «እስቲ ወደዚህ ነይ» አሏት። እጃቸውን አሞቁ፣ ጠየቁ፣ እናቲቱ ገለጠችው። እምብርቱን በንጹሕ ፋሻ ጠረጉና ደረቅ ፋሻ አኖሩበት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔም ምን እንደሚጠብቁ ሳይገባኝ አጠገባቸው ቆምኩ። ልጁ ራበውና ማልቀስ ጀመረ። ማልቀስ ሲጀምር ፋሻው መሐል ለመሐል ረጠበ፤ ውሃው እንደ ምንጭ ቀስ ብሎ ሲወጣ በዐይኔ አየሁት። ሲስተር አምሳለ ፋሻውን አንሥተው አሸተቱትና ለእኔ ሰጡኝ። ሽንት ነበር።

ያን ዕለት የተማርኩትን ለወጣቷ ነርስ እዚሁ ላስቀምጥላት። ልጅ በማኅፀን ሳለ ከሽንት ፊኛው ተነሥቶ እስከ እምብርቱ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አለው፤ በመጽሐፍ ዩራከስ ይባላል። ሲወለድ ተዘግቶ እንደ ክር ሆኖ መቅረት አለበት። አንዳንዱ ላይ ግን አይዘጋም፤ ሽንቱ በእምብርቱ ይወጣል። አንዳንዱ ላይ ከፊሉ ተዘግቶ መሐሉ ከረጢት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ቆይቶ ይመግላል። የሚለየውም እንዲህ ነው፤ ቅቤ ጨርቅ ላይ ቅባት ይተዋል። መግል ይወፍራል፣ ይከረፋል፣ ዙሪያውም ይቀላል። እትብቱ ወድቆ የቀረች ቀይ ሥጋ ደግሞ ጠብታ ታወጣለች እንጂ አትጎርፍም። ሽንት ቀጭን ነው፤ የሚመጣውም ልጁ ሲያለቅስና ሲያምጥ ነው። ስለዚህ ደረቅ ፋሻ አኑሮ መጠበቅ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል።

ሲስተር አምሳለ ለእናቲቱ ረጋ ብለው አስረዷት። እንዳይታሰር፣ ሳንቲም እንዳይለጠፍበት፣ በእሳት እንዳይነካ አስጠነቀቋት፤ ዙሪያው ቆዳው እንዳይላጥ ቅባት ሰጧት። ጎንደር ሄዶ እንዲታይም ነገሯት። እናቲቱ ለሁሉም «እሺ» አለች። ለሁሉም «እሺ» ማለቷ ሊያሳስበን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን የገባት መሰለን።

አልተመለሱም። ወራት አልፈው አባትየው ብቻውን መጣ፤ ነጠላውን አሸርጦ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ሊከሰን አልነበረም የመጣው።

«ምን አድርገነው ይሆን የሞተብን? እሱን ልጠይቅ ነው» አለ።

ሲስተር አምሳለ አስቀመጡትና ነገሩን ከመጀመሪያው አስወሩት። የክርስትናው ቀን ሲደርስ አክስቶቹ ተጨነቁ። ልጁ ሲጠመቅ እምብርቱ ቢያፈስስ፣ የተባረከው ውሃ ቢረክስ፣ ካህኑስ ምን ይላሉ? ስለዚህ እምብርቱን ሰብስበው በፈትል ክር አሰሩት፤ በላዩ ሳንቲም አድርገው በመቀነት ጠቀለሉት። ልጁ ደርቆ ተጠመቀ፣ ቤቱ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ሆዱ እየተነፋ ሄደ፤ ጡት ተወ። ክሩን የፈቱት ማልቀስ ካቆመ በኋላ ነበር።

«ከታችስ ይሸና ነበር?» አሉት ሲስተር አምሳለ።

«ኧረ እኔ አላየሁም። እናቱም አላየች።»

ሲስተር አምሳለ እውነቱን አልደበቁትም። የልጁ የታችኛው መንገድ ተዘግቶ ኖሮ ሽንቱ መውጫው እምብርቱ ብቻ እንደነበረ፣ እሱ ሲታሰር መሄጃ እንዳጣ ነገሩት። «ባለማወቅ ነው፤ ክፋት አልነበረባችሁም» አሉት። ሰውየው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱና ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለው አለቀሱ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት፤ እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

«ምን እንዳታደርግ ነገርኳት፤ ምን እንደምትፈራ ግን አልጠየቅኳትም» አሉኝ ፊታቸውን ሲያብሱ። «ከታች ሲሸናም ቁጭ ብዬ አላየሁትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ልማድ ጨመሩ። አንደኛው፣ እምብርቱ እርጥብ የሆነ ወንድ ልጅ ሽንቱ ከፊት ሲወጣ፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሁን ጠብ ጠብ እያለ፣ በዐይናቸው ሳያዩ አይሸኙም። ሌላው ጥያቄ ነው፤ «ቤት ስትገቡ ማን ምን ይላችኋል?» ይላሉ። በዚህ ጥያቄ አማቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ሁሉ ክፍላችን ውስጥ ገብተው የሚቀመጡ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ነው ምክር የሚሰጡት። እኔ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ይበልጥ የተማርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ጥቂት ቆይቶ እኔ ወደ ይፋግ ተዛወርኩ። ከደብረ ታቦር ብርድ ወርዶ ሜዳው ላይ ወባ መዋጋት ሌላ ዓለም ነው። ስለ ይፋግ ብዙ አልልም፤ በሽተኛው የወባ፣ ቀኑ የሙቀት፣ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አላቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ዘይነባ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ እብጠት ወጥቶባት፣ ቀልቶ፣ መግል ከእምብርቷ እየወጣ ይዘዋት መጡ። የሥራ ባልደረባዬ ብጉንጅ ነው ብሎ ምላጩን አዘጋጀ። እኔ እናቷን ገለል አድርጌ «በሕፃንነቷ እምብርቷ ይረጥብ ነበር?» አልኳት። «እስክትድህ ድረስ ነዋ! ማን ነገረሽ?» አለች ዐይኗን አፍጥጣ። ያ ከረጢቱ ነበር። የትኩሳቱን መድኃኒት ጀመርንላትና ሳንቆርጠው በአባቷ መኪና ጎንደር ላክናት፤ መግሉን አስወጥተው በኋላም ከረጢቱን ከነሥሩ አወጡላት። ልጅቷ ድና ስትመለስ ጋሽ ሰይድ «ሲስተር፣ የኔ መኪና ያንቺ ነው በይ» አሉኝ። እንዲህ የሚል ነጋዴ ብዙ ነውና ስቄ አለፍኩት።

በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ሲስተር አምሳለ ወደ አገራቸው ተዛውረዋል፤ ክፍሉ የእኔ ሆነ። ጦርነቱ እየቀረበ ነበርና ላንድሮቨራችን ለግዳጅ ተወስዷል። ኃላፊያችን ያው ናቸው፤ ሪፖርቱም ያው።

ጥሩዬ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ከጋፋት በኩል ከአማቷ ጋር በእግር ወጥታ፣ አራስነቷ ገና ከፊቷ ሳይለቅ። ልጁን በጨርቅ ላይ ጨርቅ ደራርባ ጠቅልላዋለች። «ምን ሆኖ ነው?» ስላት መልሱን የሰጡኝ አማቷ ናቸው።

«ጤነኛ ነው። እንዲያው ያቺን የምትለጠፈዋን ነገር ስጪን ብለን ነው፤ ፕላስተር የምትሏትን።»

«ለምን?»

«ለቁስል ነዋ።»

የሽንት ሽታ ቀድሞ ነግሮኛል፤ ከታች ሳይሆን ከጡቷ አጠገብ፣ ከሆዱ ላይ ነው የሚሸተው። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና «ልግለጠው፣ እመቤቴ?» አልኳት ጥሩዬን። አማቷን አየች። ጥሩዬ ቀስ ብላ ፈታችው።

ፋሻ አኑሬ ጠበቅኩ። ልጁ ሲነጫነጭ ረጠበ። ከዚያ ከታች ጠበቅኩ። በጣም ጠበቅኩ። የመጣው ጠብ፣ ጠብ ነው፤ ልጁ ሲያምጥ ፊቱ ይቀላል። ከእምብርቱ በታች ሆዱን በእጄ ስዳስሰው ጠንክሯል።

«ሲገረዝም እንዲሁ ነበር» አለች ጥሩዬ በሹክሹክታ።

ያ በክር የታሰረው ልጅ ተመልሶ ፊቴ የተጋደመ መሰለኝ። ፊቴ እንዳያስታውቅብኝ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩና ጥያቄዬን ጠየቅኩ።

«ቤት ስትገቡ ማን ምን ይላችኋል?»

ያን ጊዜ ሁሉም ወጣ። እሁድ ክርስትናው ነው። ዘመድ ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ፕላስተሩ እምብርቱን ዘግቶ እንዲያጠምቁት ነው። «ፕላስተር ከሌለ በክር እናስረዋለን፤ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አሉኝ አማቷ። እኔ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንዴ ከታሰረ ደግሞ ደረቀ ብለው አይፈቱትም።

«እማማ፣ ይህ ልጅ ሽንቱ የሚወጣው በዚህች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ብትዘጉበት ይሞታል። ዛሬውኑ ጎንደር መሄድ አለበት።»

«ያልተጠመቀ ልጅ ይዘን ጎንደር?» አሉ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «መንገድ ላይ ቢሞትብንስ? ስም የለው፣ ማተብ የለው! ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ እንደ ምን እንቀብረዋለን? አንቺ ልጅ፣ ክርስቲያን አይደለሽምን?»

ስለ ፊኛ የማውቀው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። ጥሩዬ ልጇን ጠቅልላ እንባዋ ይወርዳል። ለአማቷ መልስ የሚሰጥ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

«የነፍስ አባታችሁ ማን ናቸው?» አልኩ።

ነጩን ልብሴን አውልቄ ነጠላ ደረብኩና አብሬያቸው ወጣሁ። ኃላፊያችን በረንዳው ላይ አዩኝ።

«ወዴት ነው ጓዲት፣ በሥራ ሰዓት?»

«ለቅስቀሳ ነው!» አልኳቸው ሳልቆም። ደስ አላቸው። በዚያ ዘመን አንዲት ነርስ በሥራ ሰዓት ካህን ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች ቢባል ምን እንደሚከተል እንጃ።

አባ ተክሌን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቀለም ሲያስቆጥሩ አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። አማቷ እንዳይቀድሙኝ ቶሎ አልኩና ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ የጉናውን ልጅም ጨምሬ። አባ ተክሌ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁት አማቷን ነው።

«የተባረከው ውሃ እንዳይረክስ ብላችሁ ነው?»

«አዎን አባቴ። ድፍረት እንዳይሆንብን።»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ሕፃን ሳጠምቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንቱ ነው እጄ ላይ የሸናው! ልብሰ ተክህኖዬን የሚያጥቡት ይናገሩ። ከላይ ሸና ከታች ሸና፣ መንፈስ ቅዱስ ከሕፃን ሽንት የሚሸሽ መሰለሽ?»

አማቷ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«አርባ ቀኑ ግን አልሞላም» አሉ ከነጠላቸው ሥር።

«ለሚያሰጋ ልጅ ቀን አይጠበቅለትም። ሥርዓቱ ራሱ ይፈቅዳል። ይህን አለመጠየቃችሁ ነው የሚያናድደኝ።» ወደ ጥሩዬ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ነገ ማለዳ አምጪው፣ ልጄ። እምብርቱን አንድም ሰው እንዳይነካው፤ ገዝቻለሁ።»

የእኔን ምክር ባይሰሙም፣ ይህችን ግዝት ግን ማን ይደፍራል! ወደ ከተማ ስመለስ እግሬ መሬት የሚረግጥ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ልጁ ተጠመቀ። ጥሩዬ ቀኗ ስላልሞላ ከቅጥሩ ደጃፍ ውጭ ቆማ ጠበቀች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ልጁ ሲያለቅስ ከውስጥ ይሰማናል። ባለቤቷ አለልኝ ሲወጣ ሳቁን መደበቅ አቅቶታል። «የክርስትና አባቱን እጅጌ አራሰለት! አባ ተክሌ ዘወርም አላሉ» አላት።

አሁን የቀረው መንገዱ ነው። ገበያ ወጥቼ በወረታ በኩል ጎንደር የሚሄድ መኪና ሳፈላልግ ጨው እያወረደ ያለ ኤንትሬ አየሁ፤ ጋሽ ሰይድ እላዩ ላይ ቆመዋል። ገና አፌን ሳልከፍት «የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ጋቢናቸውን ለእናትና ልጁ ለቀቁ፤ እሳቸው ራሳቸው ከአለልኝ ጋር ከኋላ ወጡ። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ምንም ሳያስቸግር ተገኘ፤ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ቀላሉ እሱ ሆነ።

እኔ እንዳልሄድ ኃላፊያችን ከለከሉኝ። ስለዚህ መኪናው እስኪነሣ ጥሩዬን አስጠናኋት። እምብርቱ ላይ ንጹሕ ጨርቅ እየቀያየረች እንድትይዘው፣ እንዳታስረው፣ ጡት እንዳትከለክለው። ጎንደር ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ደግሞ ሦስት ነገር እንድትል፦ ከተወለደ ጀምሮ በእምብርቱ ይሸናል፤ ከታች ጠብ ጠብ ይላል፤ ሲያለቅስ ይብሳል። ዝምተኛ ናትና አደራ አልኳት። «አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው። አማትሽም ባልሽም አያውቁልሽም፤ አንቺ ተናገሪ።» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አሁንም ትደግመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። አማቷ በየገበያው ቀን ብቅ ይሉና «ምን ሰማሽ?» ይሉኛል፤ «ምንም» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው «እኔ ባስረው ኖሮስ?» አሉ። «አላሰሩትም እኮ» አልኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ።

በመጨረሻ ክትባት እንዳመጣ ጎንደር ተላክሁ። ሣጥኑን ሳልረከብ ወደ ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሮጥኩ። ክፍሉ ከጦር ሜዳ በመጡ ቁስለኞች ተሞልቷል፤ አልጋ ከአልጋ የሚለየው በክንድ ነው። ጥሩዬ ወዲያ ጥግ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልቤ መለስ አለ፤ ልጁ አለ።

አለልኝ በኮሪደሩ አገኘኝና እንደ ጎርፍ አወራልኝ። ጥሩዬ ሐኪሙ ፊት ያን የማይናገር አፏን ከፍታ ሦስቱንም ነገር አንድ በአንድ ነገረችው። ሐኪሙም ደግማ እንድትለው አደረጋት። የታችኛው መንገድ ጠቦ ነበርና አሰፉለት፤ ቱቦውን ከፊኛው ላይ ቆርጠው ሰፉት። ሽንቱ በቀጭን ላስቲክ ሲወርድ ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት ላስቲኩ ወጣ።

«እና ሸና?»

«አልሸናም» አለ አለልኝ። ፊቱ ወረደ። «ከጠዋት ጀምሮ ጠብ አላለም። እስከ ማታ ካልሸና እንደገና እንከፍታለን ብለዋል።»

ጥሩዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልተለዋወጥንም። እሷ ጡት ትሰጣለች፣ እኔ ጨርቁን እዳስሳለሁ። ደረቅ። እንደገና እዳስሳለሁ። ደረቅ። ሆዱ ጠንከር ማለት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልፈራሁም። የተሰፋው ይተረተር ይሆን? እንደገና መከፈትን ይህች የምታህል ነፍስ ትችለው ይሆን? ሞቅ ባለ ውሃ ጨርቅ አርሼ ከሆዱ በታች ያዝኩለት። አለልኝ በሩ ላይ ቆሞ መቆሚያ እንዳጣ ሰው ይንቆራጠጣል። ጥሩዬ ዐይኗን ከልጇ ላይ አታነሣም።

ልጁ ጡቱን ለቀቀ። ፊቱን ኮስተር አደረገ። እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ እጄ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፤ ጨርቁን ስገልጠው ቀጥ ብሎ፣ ወደ ላይ፣ ፊቴ ላይ ሸና።

እምብርቱ ላይ ያለውን ፋሻ በቶሎ ነካሁት። ደረቅ ነበር። ጥሩዬ አየችኝ፤ እኔ የረጠበ ፊቴን ነቀነቅኩላት። ያቺ ዝምተኛ ሴት ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንድ እግሩ በጀሶ የታሰረ ወታደር በክርኑ ቀና አለና «ምንድን ነው? ሰላም ሆነ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ልጄ ሸና!» አለች ጥሩዬ።

ከዚያ ወታደሩ «እሰይ!» ብሎ ክራንቹን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨው። ሌላው ተቀበለው፣ ሌላው አጨበጨበ፤ አስታማሚ ሴቶች ከየአልጋው ሥር እልል አሉ። የክፍሉ ነርስ ሮጣ ገብታ «ኧረ ጸጥታ! ሆስፒታል እኮ ነው!» ስትል ጥሩዬ እርጥቡን ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ አሳየቻት። ነርሷ ጨርቁን አየች፣ ልጁን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እጇን አንሥታ ከሁላችንም ይበልጥ ጮክ ብላ እልል አለች።